ፕሮቡ ሳይስተካከል ኦሲሎስኮፕ አይወዳደርም

ሁለት አነስተኛ ዲጂታል ኦሲሎስኮፖችን (ቮልቴጅ በጊዜ ሂደት ሲለዋወጥ በስክሪን ላይ የሚስሉ መለኪያዎችን) ጎን ለጎን አስቀምጬ ያንኑ 100 ኪሎኸርዝ ሳይን ዌቭ (ለስላሳ ሞገድ) ስለካ አንዱ 2 ቮልት፣ ሌላው 2.18 ቮልት ካነበቡ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፕሮቡን፣ ማለትም ሲግናሉን ወደ ማሽኑ የሚያመጣውን መንኪያና ኬብል ነው። ፕሮብ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ብዙ ሰው የሚያያት የስኩዌር ዌቭን (የአራት ማዕዘን ሞገድን) ጠርዝ እንደምታሳምር ነገር ብቻ ነው። ከጥቂት ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን የቮልቴጅ ንባብ በሙሉ የምትወስነው ግን እሷ ናት።

10ኤክስ ፕሮብ ጫፉ ላይ 9 ሜጋኦም ሬዚስተር አለው፤ የኦሲሎስኮፑ መግቢያ 1 ሜጋኦም ነው። ቀጥታ ቮልቴጅን ለ10 የሚያካፍሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። መግቢያው ግን 15 ፒኮፋራድ አካባቢ ካፓሲታንስ አለው፤ ኬብሉም የራሱን ይጨምርበታል። ድምሩ 90 ፒኮፋራድ ነው እንበል። ያን ጊዜ በ9 ሜጋኦሙ ትይዩ 10 ፒኮፋራድ ያስፈልጋል፤ 9 በ10 ሲባዛና 1 በ90 ሲባዛ እኩል ይመጣሉና። በእነዚህ ቁጥሮች ከ1.8 ኪሎኸርዝ ገደማ በላይ የማካፈሉን ሥራ ካፓሲተሮቹ ይረከባሉ። ብሎኗ የምታስተካክለው ይህን 10 ፒኮፋራድ ነው፤ 11 ላይ ከቆመ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ 9 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ይነበባል። ሳይን ዌቭ ደግሞ ቅርጹ ስለማይለወጥ ስህተቱን አያሳብቅም። የሚያሳብቀው ስኩዌር ዌቭ ነው።

ቅደም ተከተሌ ይህ ነው። ኦሲሎስኮፑን አብርቼ ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲሞቅ እተወዋለሁ። ከዚያ ፕሮቦቹን ሁሉ ከቢኤንሲ ሶኬቶቹ ነቅዬ ከዩቲሊቲ ሜኑ ውስጥ ሰልፍ ካሊብሬሽኑን (ማሽኑ ራሱን የሚያርምበትን ሥራ) አስነሳለሁ። ፕሮብ እንደተሰካ ከተሠራ ኬብሉ የለቀመው ኖይዝ ዜሮ መስመሩን ያዛባዋል። ይህ ሥራ የውስጡን ኦፍሴትና ጌይን ብቻ ነው የሚያርመው፤ ፕሮቡን አይነካውም። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚቆጥር ብዙ ነው።

ቀጥሎ የፕሮቡን ማብሪያ 10ኤክስ ላይ፣ የቻናሉንም ሜኑ 10ኤክስ ላይ አደርጋለሁ። ሁለቱ ካልተስማሙ ንባቡ በ10 እጥፍ ይሳሳታል፤ ይህ ቶሎ ስለሚታይ ያን ያህል አያሰጋም። ጫፉን ከፊት ለፊት ካለው የ1 ኪሎኸርዝ ስኩዌር ዌቭ መሞከሪያ ላይ፣ ግራውንድ ክሊፑን ከጎኑ ካለው ግራውንድ ላይ አያይዛለሁ። መሞከሪያው 3 ቮልት ከሆነ በአንድ ክፍል (በስክሪኑ አንድ ሳጥን) 500 ሚሊቮልት፣ ጊዜውን በአንድ ክፍል 200 ማይክሮሰከንድ፣ ካፕሊንጉን ዲሲ (ቋሚውንም ቮልቴጅ የሚያሳልፍ)፣ ትሪገሩን (ምስሉ የሚጀምርበትን የቮልቴጅ ደረጃ) መሐል ላይ፣ አቬሬጁን (አማካይ የሚወሰድባቸውን ምስሎች ብዛት) 16 አደርገዋለሁ።

የጊዜው ምርጫ በዘፈቀደ አይደለም። ያልተስተካከለ ፕሮብ የሚያሳየው ጉብታ ወይም ጎድጓዳ የሚከስምበት የጊዜ ቋሚ 90 ማይክሮሰከንድ አካባቢ ነው፤ የ1 ኪሎኸርዝ ግማሽ ዑደት ደግሞ 500 ማይክሮሰከንድ ስለሆነ መነሻውም መድረሻውም በአንድ እይታ ይገባል። ወደ 1 ማይክሮሰከንድ ጠጋ ብሎ የሚያይ ሰው ጠፍጣፋ መስመር አይቶ ተስተካክሏል ብሎ ይሄዳል። ቋሚውን ቮልቴጅ የሚያግደው ኤሲ ካፕሊንግም እንዲሁ ያታልላል፦ የሞገዱን አናት በጥቂቱ ያዘነብለዋል። ያ ግን ቀጥ ያለ ተዳፋት ነው፤ የፕሮቡ ስህተት መጀመሪያ በፍጥነት፣ ኋላ በዝግታ የሚጎብጥ ነው።

ብሎኗን የማዞረው በፕላስቲክ ብሎን መፍቻ ነው። ብረት የራሱን ካፓሲታንስ ስለሚጨምር መፍቻው ሲነሳ ቅርጹ ይለወጣል። በፕላስቲኩም ቢሆን እጄን አንስቼ ካላየሁ አላምንም። ጠርዙ ከተከረከመ ካፓሲታንሱ አንሷል፤ ጠርዙ ሾሎ ወደ ታች ከወረደ በዝቷል። አብዛኞቹ የሴራሚክ ትሪመሮች (በብሎኗ የሚዞሩት ካፓሲተሮች) መቆሚያ የላቸውም፤ በአንድ ሙሉ ዙር ትክክለኛው ነጥብ ሁለት ጊዜ ይገኛል። ስለዚህ ጨረሰች ብሎ ማስገደድ የለም።

ጭራሽ አልስተካከል ካለ ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛው በፕሮቡ ላይ የተጻፈው የማካካሻ (በብሎኗ የሚደረገው ማስተካከያ) ክልል የኦሲሎስኮፑን መግቢያ ፒኮፋራድ ይጨምር እንደሆነ ነው። ሁለተኛው በመልቲሜትር ከጫፉ እስከ ቢኤንሲው መሐል ያለው ሬዚስታንስ ነው፦ በ10ኤክስ 9 ሜጋኦም፣ በ1ኤክስ (ቮልቴጁ በማይካፈልበት) ጥቂት መቶ ኦም። ጥቂት መቶ ኦሙ ብልሽት አይደለም፤ የኬብሉ መሐል ሽቦ የሲግናል ነጸብራቅን እንዲያፍን ሆን ተብሎ ሬዚስታንስ እንዲኖረው ተደርጎ ነው የሚሠራው። ፕሮቡ ከቻናል 1 ወደ ቻናል 2 ሲዛወር እንደገና አየዋለሁ፤ ወደ ሌላ ኦሲሎስኮፕ ሲዛወርማ ግዴታ ነው። ቀለበቶቹን በቀለም ለይቶ ፕሮብን ከቻናሉ ጋር ማጋባት ይህን ድካም ይቀንሳል።

ማካካሻው አብቅቶም ግራውንድ ሽቦው ይቀራል። 15 ሳንቲሜትር ሽቦ 150 ናኖሄንሪ ያህል ነው፤ ከ15 ፒኮፋራድ የፕሮብ ጫፍ ጋር 106 ሜጋኸርዝ ላይ ያስተጋባል። ፈጣን ጠርዝ ላይ የሚታየው መርገብገብ ብዙውን ጊዜ የሰርኪዩቱ ሳይሆን የሽቦው ነው። ሽቦውን አንስቼ በጫፉ ዙሪያ የምትገባዋን አጭር የግራውንድ ስፕሪንግ ስተካ መርገብገቡ ከቀነሰ ጥፋተኛው ታወቀ።

ኦሲሎስኮፖቹን ወደ ማወዳደሩ ስመጣ የምጀምረው ከባንድዊድዝ፣ ማለትም ማሽኑ በደንብ ከሚያሳየው የፍሪኩዌንሲ ስፋት ነው። ሙከራው ቀላል ነው፦ ስድስት ኢንቨርተር (ሲግናል ገልባጭ) ካለው 74ኤሲ14 ቺፕ አንዱን ኢንቨርተር በሬዚስተርና በካፓሲተር አስወዛውዤ፣ የአምስቱን ቀሪዎች መውጫ እያንዳንዱን በ220 ኦም አጣምራለሁ፤ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ከቺፑ እግሮች ሥር ይቀመጣል። በዚህ ደረጃ ያሉ አብዛኞቹ ማሽኖች የ50 ኦም መግቢያ ምርጫ ስለሌላቸው፣ በ50 ኦም ኬብል አምጥቼ መግቢያው ላይ 50 ኦም ተርሚኔተር እሰካለሁ፤ ፕሮብ የለበትም። 0.35ን ለባንድዊድዙ ስናካፍል የመነሻ ጊዜው (ጠርዙ ከታች ወደ ላይ ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ) ይወጣል፦ ለ50 ሜጋኸርዝ 7 ናኖሰከንድ፣ ለ100 ደግሞ 3.5። የሲግናሉ ጠርዝ 2 ናኖሰከንድ ከሆነ የመጀመሪያው 7.3፣ ሁለተኛው 4 ያነባል ማለት ነው። በዚህ ልኬት ጊዜ ሌሎቹን ቻናሎች አጠፋለሁ። ለምሳሌ ሪጎል ዲኤስ1054ዜድ በአንድ ቻናል በሰከንድ 1 ቢሊዮን ናሙና ይወስዳል፣ አራቱም ሲበሩ ግን 250 ሚሊዮን ብቻ፤ በየ4 ናኖሰከንዱ አንድ ነጥብ እየወሰዱ 7 ናኖሰከንድ መለካት ግምት ነው። ሲግለንት ኤስዲኤስ1104ኤክስ-ኢ ለየሁለት ቻናሉ የራሱ ኮንቨርተር (ቮልቴጁን ወደ ቁጥር የሚለውጥ ክፍል) ስላለው አራቱም በርተው 500 ሚሊዮን ይቀረዋል።

ለእኔ ከባንድዊድዙ ይልቅ ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው በሜሞሪው ላይ ነው። ሃንቴክ ዲኤስኦ5102ፒ 40 ሺህ ነጥብ ይይዛል፣ ዲኤስ1054ዜድ 12 ሚሊዮን። 100 ሚሊሰከንድ ለማየት ብንፈልግ 40 ሺው የናሙናውን ፍጥነት በሰከንድ ወደ 400 ሺህ ያወርደዋል፤ ያን ጊዜ 401 ኪሎኸርዝ የሆነ ሲግናል ስክሪኑ ላይ 1 ኪሎኸርዝ መስሎ ይቀመጣል። 12 ሚሊዮኑ በዚያው ርዝመት 120 ሚሊዮን ላይ ይቆያል። ሲሪያል ዳታ የሚፈታ ሰው መጀመሪያ ይህን ቁጥር ይይ።

ስለ ቢት ብዙ ይወራል። 8 ቢት 256 ደረጃ፣ 12 ቢት 4096 ደረጃ ነው፤ በ8 ቮልት ስፋት 31 ሚሊቮልት ከ2 ሚሊቮልት ጋር መሆኑ ነው። ሪጎል ዲኤችኦ804 በ70 ሜጋኸርዝ 12 ቢት ይሰጣል፤ ትልቅ ሲግናል ላይ የተቀመጠ ትንሽ ነገር ለሚፈልግ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። አራት ማዕዘን ዲጂታል ሲግናል ብቻ ለሚያይ ግን እምብዛም።

የኖይዝ ንጽጽሩን የማደርገው መግቢያውን በ50 ኦም ዘግቼ፣ ቻናሉን 1ኤክስ አድርጌ፣ በአንድ ክፍል 1 ሚሊቮልት ላይ ነው። 20 ሜጋኸርዝ ገደቡ በሁለቱም ወይ በርቶ ወይ ጠፍቶ መሆን አለበት፤ አለዚያ ባለ 100 ሜጋኸርዙ ሰፊ ስለሆነ ብቻ ከባለ 50ው የባሰ ይመስላል። የፓወር ሰፕላይ ሪፕልም (በቋሚው ቮልቴጅ ላይ የሚቀረው ትንሽ መዋዠቅ) በ10ኤክስ አይለካም፦ ሲግናሉ ለ10 ሲካፈል የማሽኑ ኖይዝ እንዳለ ይቀራል፤ ንባቡ መልሶ በ10 ሲባዛ ኖይዙም አብሮ ይባዛል። ለዚያ 1ኤክስ፣ ኤሲ ካፕሊንግና 20 ሜጋኸርዝ ገደብ ይሻላል፤ 1ኤክስ ላይ የፕሮቡ ባንድዊድዝ እንደ ሞዴሉ ወደ 6 ሜጋኸርዝ አካባቢ መውረዱን ግን አስቦ። ግራውንድ ክሊፑ ከመብራት ኃይል መሬት ጋር በቀጥታ የተገናኘ ስለሆነ፣ ክሊፑ የሰፕላዩ ዋናው መስመር ያለበት ጎን ላይ አይነካም፤ ሰፕላዩ በትራንስፎርመር ካልተነጠለ ደግሞ መውጫውም ላይ አይነካም። እዚያ ላይ መለካት ካስፈለገ ዲፈረንሻል ፕሮብ (በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ የሚለካ) ነው፤ ከሌለ ሁለት 10ኤክስ ፕሮቦች፣ ክሊፖቻቸው ከሰርኪዩቱ ተነጥለው፣ ቮልቴጁም ከፕሮቦቹ ገደብ ሳያልፍ፣ ማትስ በሚለው የሒሳብ ሜኑ ላይ ቻናል 1 ሲቀነስ ቻናል 2። ለዚህኛው ሁለቱም ፕሮቦች በአንድ ልክ መስተካከል አለባቸው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት እንደ ሲግናል ሆኖ ይወጣል።