ጂም ማክጊነስ በሴልቲክ፦ ከጌሊክ ሜዳ ወደ ፕሮፌሽናል ክለብ

ጂም ማክጊነስ የትውልድ ካውንቲውን ዶኔጋልን እየመራ የመላው አየርላንድ የጌሊክ እግር ኳስ ሻምፒዮን ያደረገው ሴፕቴምበር 23 ቀን 2012 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ድል በኋላ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በኖቬምበር፣ የስኮትላንዱ የእግር ኳስ ክለብ ሴልቲክ የብቃት አማካሪ አድርጎ ቀጠረው። በሻምፒዮንስ ሊግ እየተጫወተ ያለ ክለብ፣ ተጫዋቾቹ አንዳች ደመወዝ ከማያገኙበት ስፖርት፣ ያውም የካውንቲ ሥራውን ሳያስለቅቅ፣ አሰልጣኝ ሲወስድ ማየት በአየርላንድ እንግዳ ነገር ነበር። እኔ አየርላንድ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ሁለቱንም ጨዋታዎች በፍቅር ስከታተል ቆይቻለሁ፤ ያ ቅጥር ትክክለኛ እንደነበረም አምናለሁ። ሆኖም ሴልቲክ ከሰውየው ሊያገኝ ይችል የነበረውን ያህል አላገኘም የሚል ሐሳብ አለኝ፤ ለምን እንደዚያ እንደማስብ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ጌሊክን ተመልክቶ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ወገን 15 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ኳሱ ክብ ነው፤ በእጅም በእግርም ይሄዳል። ኳስ የያዘ ተጫዋች ከአራት እርምጃ በላይ እንዲሁ ይዞት መሮጥ አይፈቀድለትም፤ ወይ መሬት ላይ ያነጥረዋል፣ ወይ ወደ እግሩ ጥሎ በጫማው ጫፍ መልሶ ወደ እጁ ይመታዋል፤ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ማንጠር ደግሞ ክልክል ነው። አንድ ተጫዋች ይህን ሁሉ በሙሉ ፍጥነት እየሮጠ፣ ትከሻው በተከላካይ ትከሻ እየተገፋ፣ ዓይኑን ግን ከኳሱ ላይ አንሥቶ ሩቅ የቆመ ጓደኛውን እየፈለገ ሲያደርገው በቅርብ ያየ ሰው የጨዋታውን ክብደት ወዲያው ይረዳል። ከአግዳሚው በላይ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ያለፈ ኳስ አንድ ነጥብ፣ መረቡን የነካ ደግሞ ሦስት ነጥብ ያስቆጥራል። ውጤት ሲጻፍ የመጀመሪያው ቁጥር ባለ ሦስት ነጥቡን ግብ፣ ሁለተኛው ባለ አንድ ነጥቡን ምት ያሳያል፤ ስለዚህ ዶኔጋል በ2012 ፍጻሜ የማዮን ካውንቲ 2-11 ለ 0-13 አሸነፈ ሲባል በነጥብ 17 ለ 13 ማለት ነው። ያ ድል ለካውንቲው ከ1992 ወዲህ የመጀመሪያው፣ በታሪኩም ሁለተኛው ነበር፤ ማክጊነስ ራሱም በ1992ቱ የአሸናፊዎች ስብስብ ውስጥ ነበረ።

ከሕጉ ይልቅ ለጉዳያችን የሚበልጠው ግን የተጫዋቾቹ ኑሮ ነው። በደብሊኑ ስታዲየም በክሮክ ፓርክ ከ82 ሺህ በላይ ተመልካች ፊት የሚጫወቱት ሰዎች መምህራን፣ አናጢዎች፣ ፖሊሶችና ተማሪዎች ናቸው፤ በማግሥቱም ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። በሰፈሬ ባለው ሜዳ በክረምት ማታ ልምምድ ሊጀመር ሲል ተጫዋቾቹ በመኪናቸው ጀርባ ተቀምጠው ሲሚንቶ የነካውን የሥራ ጫማቸውን እያወለቁ ታኬታ ሲያጠልቁ አይቻለሁ። ከመካከላቸው አንዱ መክሰሱን ገና አልጨረሰም ነበር፤ የተረፈውን ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ዝናቡ ውስጥ ሮጦ ገባ። እነዚህ የሰፈር ክለብ ልጆች ናቸው፤ የካውንቲ ተጫዋቾች የሚጠየቁት ልምምድ ደግሞ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል።

እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሰዎችን የሚመራ አሰልጣኝ በእጁ ያለው ምንድን ነው? ደመወዝ መቅጣት አይችልም። ያልተመቸውን ተጫዋች መሸጥ፣ ከሌላ ካውንቲ የተሻለውን መግዛትም አይችልም፤ የተወለዱለትን ልጆች ይዞ መሥራት ግዴታው ነው። የቀረው ብቸኛ መንገድ ሰዎቹን ማሳመን ነው። ማክጊነስ የስፖርት ሥነ ልቦና የተማረ ሰው በመሆኑ ይህን ከማንም በላይ የተረዳ ይመስለኛል። በ2010 ሥራውን ሲረከብ ዶኔጋል በአርማ ካውንቲ በዘጠኝ ነጥብ ልዩነት ተሸንፎ ከውድድሩ የወጣ፣ በራሱም ያፈረ ቡድን ነበር። በቀጣዩ ዓመት የሰሜኑን ክፍለ ሀገር የአልስተርን ዋንጫ አነሣ። በዚያው ዓመት በመላው አየርላንድ ግማሽ ፍጻሜ ከደብሊን ጋር ሲጫወት አብዛኞቹን ተጫዋቾቹን ወደ ራሱ ሜዳ ስቦ በመከላከሉ ውጤቱ 0-8 ለ 0-6 ሆኖ ተጠናቀቀ፤ ዶኔጋልም ተሸነፈ። ጨዋታውን ገደለው ተብሎ ብዙ ተወቀሰ። እኔ ግን በዚያ ጨዋታ የማየው ሌላ ነገር ነው፤ አጥቂ ሆኖ ያደገ ሰው ለ70 ደቂቃ ያህል ከራሱ ግብ ፊት እየተመላለሰ እንዲከላከል፣ ያለ አንዳች ክፍያ፣ በፈቃዱ እንዲቀበል ማድረግ ቀላል ሥራ አይደለም።

ይህ ማሳመን ለስላሳ ብቻ እንዳልነበረም መናገር ተገቢ ነው። በ2011 መጨረሻ፣ በዚያው ዓመት ለምርጥ ተጫዋቾች የሚሰጠውን የኦል ስታር ሽልማት ያገኘው ተከላካይ ኬቨን ካሲዲ ስለ ቡድኑ የውስጥ አሠራር ለአንድ መጽሐፍ ተናግሯል በሚል ከስብስቡ ተሰናበተ። ውሳኔው ከባድ ነበር፤ ምናልባትም ከሚገባው በላይ ከባድ። ሆኖም ቃል የተገባበት ነገር ከማንም ስም እንደሚበልጥ ለቀሩት ሁሉ ግልጽ አደረገ። በፕሮፌሽናል ክለብ ውስጥ ግን የተጫዋቹ ዋጋ በሚሊዮን በሚቆጠርበት፣ ወኪሉም ስልክ ይዞ በሚጠብቅበት ሁኔታ እንዲህ ያለ ውሳኔ አንድ አሰልጣኝ ብቻውን ሊወስነው የሚችል ነገር አይደለም። ማክጊነስ ከዶኔጋል ወደ ግላስጎው ሲሻገር የተሻገረው ይህን ልዩነት ጭምር ነው።

በዶኔጋልና በሴልቲክ መካከል ያለው መንገድ ግን አዲስ አልነበረም። የዶኔጋል ሰዎች ድንች ለመልቀምና የቀን ሥራ ለመሥራት ለትውልዶች ወደ ስኮትላንድ ተሰድደዋል፤ ብዙዎቹም ግላስጎው ቀርተዋል። ሴልቲክ በ1887 የተመሠረተው የስላይጎ ተወላጅ በሆኑት መነኩሴ በብራዘር ዎልፍሪድ አሳቢነት፣ በግላስጎው ምሥራቃዊ ክፍል ይኖሩ የነበሩትን የድሀ ስደተኞች ልጆች ለመመገብ ነበር። በ1892 አዲሱ ሴልቲክ ፓርክ ሲከፈት በሜዳው ላይ ከዶኔጋል የመጣ የሣር መደብ የተከለው የአየርላንድ ገበሬዎች የመሬት መብት ታጋይ ማይክል ዳቪት ነው፤ ዳቪት ደግሞ በ1884 የተመሠረተው፣ የጌሊክ ጨዋታዎችን የሚመራው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር የበላይ ጠባቂ ነበር። ሁለቱ ቤቶች በመጀመሪያው ትውልድ ይህን ያህል የተቀራረቡ ነበሩ።

በኋላ ግን ተራራቁ። ማኅበሩ አባላቱ የእንግሊዝ የሚላቸውን ጨዋታዎች እንዳይጫወቱ፣ እንዳይመለከቱም ጭምር ከለከለ። በ1938 የአየርላንዱ ፕሬዚዳንት ዳግላስ ሃይድ የእግር ኳስ ግጥሚያ ለማየት ስለተገኙ ብቻ ከማኅበሩ የክብር ጠባቂነት ተሰረዙ። በ1970 ማርቲን ኦኒል የተባለ ተማሪ ለቤልፋስት እግር ኳስ ክለብ በመጫወቱ የተነሣ፣ ትምህርት ቤቱ የደረሰበት የጌሊክ ፍጻሜ በቤልፋስቱ ኬዝመንት ፓርክ እንዳይካሄድ ተደረገ፤ ጨዋታው ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። እገዳው በቀጣዩ ዓመት ተነሣ። ያ ተማሪ በ2000 የሴልቲክ አሰልጣኝ ሆነ። ማክጊነስ ሲቀጠር ዋና አሰልጣኝ የነበረው ኒል ሌነንም የኦኒል ተጫዋች የነበረ፣ በልጅነቱም በሰሜን አየርላንዷ ከተማ ሉርጋን ውስጥ ጌሊክ የተጫወተ ሰው ነው። ስለዚህ ሌነን ከፊቱ የቆመው ሰው ምን ዓይነት ሥራ ሠርቶ እንደመጣ ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም ነበር፤ ይህም በእኔ አስተያየት ለቅጥሩ መሳካት ትልቅ ምክንያት ነው።

የወቅቱ ሁኔታም የሚገርም ነበር። ኖቬምበር 7 ቀን 2012 ሴልቲክ በሜዳው ባርሴሎናን 2 ለ 1 አሸነፈ። ኬንያዊው ቪክቶር ዋንያማ በማዕዘን ምት በግንባሩ አስቆጠረ፤ ተቀይሮ የገባው የ18 ዓመቱ ቶኒ ዋት ሁለተኛውን ጨመረ፤ ሜሲ ያስቆጠራት ግብ በባከነ ሰዓት የመጣች ነበረች። ኳሱን ሌሊቱን ሙሉ ይዞ የዋለው ባርሴሎና ነው፤ ሴልቲክ ግን ክፍተቱን ዘግቶ፣ ታግሦ፣ ባገኘው ጊዜ ሁሉ በፍጥነት ወደፊት ወጣ። የማክጊነስ እጅ በዚያ ድል ውስጥ አልነበረበትም። ነገር ግን ዶኔጋል ከስድስት ሳምንት በፊት ያሸነፈበትን አስተሳሰብ ለሚያውቅ ሰው፣ ሁለቱ ቡድኖች አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲመልሱ እንደነበር ግልጽ ነው፤ ከአንተ የበለጠ ችሎታ ያለውን ቡድን እንዴት ታስቸግረዋለህ?

ችግሩ የተሰጠው ሥራ ላይ ነው። የብቃት አማካሪ ተጫዋቾችን በግል ያነጋግራል፣ በአካዳሚው ያሉትን ወጣቶች በአእምሮ ያዘጋጃል፣ ምክር ይሰጣል፤ አሰላለፍ ግን አያወጣም። የማክጊነስ ጥንካሬ ደግሞ ሥነ ልቦናውንና የጨዋታ ዕቅዱን አንድ ላይ ማያያዙ ነበር። ዶኔጋል ውስጥ ተጫዋቹ ያመነው በአሰልጣኙ ንግግር ብቻ አልነበረም፤ ማክሰኞ የተነገረው እሁድ ሜዳ ላይ ሲሠራ ስላየ ነው። አማካሪ ሆኖ ሲቀመጥ ከሁለቱ እጆቹ አንዱ የታሰረ ይመስለኛል። በርግጥ ክለቡ ጥንቃቄ ማድረጉ ይገባኛል፤ በእግር ኳስ አሠልጥኖ የማያውቅን ሰው የመጀመሪያውን ቡድን አሰላለፍ አስረክቡት አልልም። ከጨዋታ ውጪ የሚባለው ሕግ በጌሊክ ስለሌለ የተከላካይ መስመር አቀማመጥ በእግር ኳስ ፈጽሞ ሌላ ትምህርት ነው፤ ኳስ በእጅ መያዝ በማይቻልበት ሜዳም ጫና ውስጥ ያለ ተጫዋች የሚያስበው የተለየ ነው። ነገር ግን ከወጣት ቡድኖቹ አንዱን ከመጀመሪያው በኃላፊነት ቢሰጡት ኖሮ ሁለቱም ወገኖች ቶሎ ይማሩ ነበር። ወደ ወጣቶቹ የሜዳ ሥልጠና የገባው ቆይቶ ነው።

የሁለት ሥራ ክብደትም አለ። በ2013 ዶኔጋል ሻምፒዮንነቱን ሲከላከል በማዮ 4-17 ለ 1-10 ተደቆሰ፤ የግላስጎው ምልልስ ነው ያዳከመው ያሉ ብዙዎች ነበሩ። እኔ ይህን ሙሉ በሙሉ አልቀበልም፤ ያን ያህል የደከመ ቡድን ያለ ሌላ ሥራም ሊሸነፍ ይችል ነበርና። ማስረጃዬ 2014 ነው። በዚያ ዓመት ኦገስት 31 ቀን በግማሽ ፍጻሜ ማንም አይረታውም የተባለውን ደብሊንን 3-14 ለ 0-17 አሸነፈ። በጨዋታው መጀመሪያ ላይ ደብሊን ይመራ ነበር፤ ተጫዋቾቹንም በብዛት ወደፊት ገፍቷል። ዶኔጋል ግን አልተደናገጠም፤ ረጃጅሞቹን የግብ ጠባቂ ምቶች በአየር ላይ እየተሻማ፣ ከደብሊን ተከላካዮች ጀርባ ያለውን ባዶ ሜዳ በሩጫ አጠቃው፤ ራያን ማክሂው ብቻውን ሁለት ግብ አስቆጠረ። አሰልጣኙ በዚያን ጊዜ የሴልቲክ ሠራተኛ ነበር። በፍጻሜው በኬሪ 2-9 ለ 0-12 ቢሸነፍም፣ ሁለት ቤት ማገልገል ጭንቅላቱን እንዳላደከመው ያ ግማሽ ፍጻሜ ያሳያል። ከዚያ በኋላ ዶኔጋልን ለቀቀ።

ሴልቲክ ውስጥ ከሌነን በኋላ በሮኒ ዴይላና በብሬንደን ሮጀርስ ዘመንም ቆየ። በ2017 የሮጀር ሽሚት ምክትል ሆኖ ወደ ቤጂንግ ጉዋን ሄደ፤ በ2018 መጨረሻ ደግሞ በአሜሪካ የቻርለት ኢንዲፔንደንስ ዋና አሰልጣኝ ተደረገ። በዚያ በጥቂት ወራት ውስጥ በ2019 አጋማሽ ተሰናበተ፤ ያሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። ይህን ያዩ ሰዎች የጌሊክ አሰልጣኝ ለእግር ኳስ አይሆንም ብለው ደመደሙ። እኔ ከዚህ የምረዳው ሌላ ነው። ማሳመን ጊዜ ይፈልጋል፤ ዶኔጋል ያመነው ለአንድ ሙሉ ክረምት ተለማምዶ ነው፤ በእግር ኳስ ግን ከአምስት ሽንፈት በኋላ የሚታገሥ የክለብ ባለቤት ጥቂት ነው። ከየአገሩ የመጡ፣ የአንድ ዓመት ውል ያላቸው ተጫዋቾችን ለተወለዱበት ምድር ተጫወቱ ብሎ ማነሣሣትም አይቻልም፤ ሌላ የሚያምኑበት ነገር ማግኘት ነበረበት፤ ለዚያ የሚሆን ጊዜ አላገኘም።

በ2023 ወደ ዶኔጋል ተመልሶ በ2024ና በ2025 የአልስተርን ዋንጫ አነሣ፤ በ2025 እስከ መላው አየርላንድ ፍጻሜ ደርሶ በኬሪ 1-26 ለ 0-19 ተሸነፈ። የ2025ቱ ጨዋታዎች የተካሄዱት በአዲስ ሕግ ነው፤ እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ ሦስት ተጫዋቾችን በተጋጣሚው ሜዳ ማስቀረት ግዴታው ሆኗል፤ ከ40 ሜትር ቅስት ውጭ የተቆጠረ ምትም ሁለት ነጥብ ያስገኛል። ሕጉ የወጣው በአብዛኛው እሱ ከ2011 ጀምሮ ያስፋፋውን ዓይነት የተጨናነቀ መከላከል ለመፍታት ነው፤ እሱ ግን በአዲሱ ሕግ ሥርም ዋንጫ አንሥቷል። የተለወጠ ሁኔታን ተምሮ ቡድን የሚሠራ አሰልጣኝ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ነገ ሌላ ፕሮፌሽናል ክለብ ከጌሊክ ሜዳ ሰው ሊወስድ ቢነሣ እንዲያደርግ የምመኘው፣ ከ18 ዓመት በታች ወይም ከ21 ዓመት በታች ያለውን ቡድን ሙሉ በሙሉ አስረክቦ፣ ከጎኑ በመከላከል መስመር አደረጃጀት የበሰለ የእግር ኳስ ምክትል አቁሞ፣ ቢያንስ ሁለት ሙሉ የውድድር ዘመን እንዲሰጠው ነው።