ባሌ የሚወጣ ዕቃ፣ ሐዋሳ የሚጠገን ዕቃ

ተራራ መውጫ ዕቃ ሳይ መጀመሪያ የማስበው ጠጋኙን ነው። ይሄ ነገር ቢቀደድ ሐዋሳ ላይ ማን ይሰፋልኛል? ቢያፈስ ማን ይደፍንልኛል? መልስ ካጣሁለት የፈለገውን ያህል ቢያምር እተወዋለሁ።

ዕቃዬ የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ ሳልቫጅ ነው። ሌላው ካናዳ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። እሱ በክረምታቸው መንገድ የሌለው ተራራ ላይ በስኪ ይወጣል፣ ይወርዳል። ያረጀበትን ዕቃ ሰው ሲመጣ ይልክልኛል። እግዜር ይስጠው፣ ጥሩ ጥሩ ነገር ነው። ግን የተሠራው ለሌላ ብርድ ነው። የእነሱ በረዶ ደረቅ ነው፤ ጃኬት ላይ ሲያርፍ አራግፈውት ይሄዳሉ። የባሌ ብርድ እርጥብ ነው። ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ዝናብና ጠጠር በረዶ፣ ሌሊት ውርጭ። ስለዚህ ወፍራም የሆነ ሁሉ ይሞቃል ብሎ ማሰብ እዚህ አይሠራም። የሚሞቀው ያልራሰው ነው።

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባሌ ላይ ያለው የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው፣ የተራራው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። ሐይቁ ዳር በቲሸርት ተቀምጠን ዓሣ ስንበላ፣ ሳነቴ ላይ ከዚህ በ15 ዲግሪ ያህል ይበልጥ ይበርዳል ማለት ነው። ይሄ እንግዲህ በቀን ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱን ውጭ ያደረ ውሃ በረዶ ሆኖ ሊነጋ ይችላል።

ከሁሉም በላይ የምጨነቀው ለጫማ ነው። ብዙ የተራራ ጫማ ከውጭኛው ጎማና ከቆዳው መሃል ፖሊዩሪቴን የሚባል ስፖንጅ መሳይ ነገር አለው። ይሄ ነገር አየር ውስጥ ባለው እርጥበት ቀስ እያለ ይፈርሳል። በመልበስ ብቻ አይደለም የሚያልቀው፣ በዕድሜም ያልቃል። ካርቶን ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ ጫማ ላዩ እያብረቀረቀ ውስጡ የሞተ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ባሌ ላይ ዲንሾን አልፈህ፣ ወደ ዌብ ሸለቆ ስትወርድ ሶሉ ተላቆ ይቀራል። ሳልቫጅ ላይ ደግሞ የጫማውን ዕድሜ የሚነግርህ የለም። ስለዚህ ሻጩ ስለ ብራንዱ ሲሰብክ እኔ ጎኑን በጥፍሬ እጫናለሁ። ስፖንጁ ተጭኖ ከተመለሰ ደህና ነው። ከተሰነጠቀ ወይም ዱቄት ከተፋ በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም። ቀጥሎ ጫማውን በደንብ አጥፌ እጥፋቱ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ እፈልጋለሁ። የምገዛው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ያብጣል። ተራራ ላይ የማደርገውን ወፍራም ካልሲም ይዤ እሄዳለሁ።

ከዚያ ወደ ጫማ ሰፊዬ ነው። መናኸሪያው አካባቢ የሚቀመጡ ትልቅ ሰው ናቸው። የመጀመሪያውን ቀን ጫማውን ገልበጥ አድርገው አዩና፣ «ልጄ፣ ማስቲሽ ብቻ አይታመንም፣ ዙሪያውን ይሰፋ» አሉኝ። «ጋሼ፣ በስፌቱ ውሃ አይገባም?» ስላቸው ሳቁ። ሰፍተው ሲጨርሱ የስፌቱን መስመር በማስቲሽ ደፈኑት። አንድ ሌላ ጫማዬን ደግሞ የፈረሰውን ስፖንጅ በሙሉ ፍቀው አወጡና በጎማ ተኩልኝ። ከበደ፣ እውነት ነው። ግን ከዚያ ወዲህ ሶሉ ንቅንቅ አላለም።

የተሰፋ ጫማ ይዤ ቀጥታ ባሌ አልሄድም። እዚሁ ሐዋሳ ያለው ታቦር ተራራ ለምን ተፈጠረ? ቦርሳዬን ሞልቼ ጠዋት ታቦርን እወጣለሁ። ወሳኙ መውረዱ ነው። ስወርድ አውራ ጣቴ የጫማውን ፊት ከመታ ጫማው ጠባብ ነው፤ ተራራው ላይ ጥፍሬን ያስከፍለኛል። ቁልቁል ተረከዜ ከተንሸራተተ ክሩን አስሬ አያለሁ። ካልተስተካከለ ለሌላ ሰው እሸጠዋለሁ።

ካምፕ ላይ ማታ ማታ የማየው አንድ ነገር ያንገበግበኛል። እሳት ሲነድ ሁሉም ጫማውን ደርድሮ ያሞቃል። ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹም ይላቀቃል። የራሰ ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቆ ጥላ ላይ ማኖር ይሻላል። ጋዜጣ ራሱ እየጠፋ ነው እንጂ! ቤት ስመለስ ጭቃውን በብሩሽ አወርዳለሁ፣ ቆዳውን በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ሲደርቅ ሰም ከትንሽ ዘይት ጋር አቅልጬ እቀባዋለሁ። ቅቤ የሚቀቡ አሉ። ቅቤው ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል።

ጃኬት ላይ ሰው የሚሳሳተው ቶሎ «አፈሰሰ» በማለቱ ይመስለኛል። ጥሩ የዝናብ ጃኬት ላዩ ላይ ውሃ እንዲንከባለል የሚያደርግ ቅባት አለው። ላብ፣ አቧራና የእሳት ጭስ ሲጠራቀምበት ያ ቅባት ይደክማል። ላዩ ጨርቅ ውሃ ይጠጣል፤ የውስጥ ላብም መውጫ ያጣል። ያኔ ከውስጥ ትርሳለህ፣ ውጭው ግን አላፈሰሰም። መፍትሔው ማጠብ ነው። ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና፣ ብዙ ውሃ፣ ደጋግሞ ማለቅለቅ። የልብስ ማለስለሻ በፍጹም አይነካውም። ሲደርቅ ስስ ጨርቅ ደርቤ በጣም ለብ ባለ ካውያ እተኩሰዋለሁ፤ ሙቀቱ የቀረውን ቅባት ይቀሰቅሰዋል። ሳልቫጅ ላይ ግን መጀመሪያ ጃኬቱን ገልብጣችሁ የስፌቱን ፕላስተር እዩ። ከተላጠ ነገሩ አብቅቷል።

ስለ ጋቢ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ጋቢ ሳይዝ የሚወጣ ሐበሻ ገና አላየሁም። ድንኳን ውስጥ ጋቢ ይመቻል። ዝናብ ላይ ግን ጥጥ ነውና ውሃውን ጠጥቶ ከራስህ በላይ ይከብዳል፣ ለመድረቅም ቀናት ይወስዳል። ጂንስም ያው ነው። እኔ ከውስጥ ስስ የሱፍ ወይም የስፖርት ልብስ፣ ከላይ ፍሊስ የሚባለውን ለስላሳ ሹራብ፣ ከዚያ ጃኬት አደርጋለሁ። ጋቢው ደርቆ በላስቲክ ተጠቅልሎ ማታን ይጠብቃል።

የመኝታ ከረጢት ላይ የተጻፉትን የሙቀት ቁጥሮች ማንበብ ልመዱ። ብዙ ጊዜ ሦስት ናቸው፦ ኮምፎርት፣ ሊሚትና ኤክስትሪም። ሻጭ ሁልጊዜ የሚጠቁማችሁ ዝቅተኛውን፣ ኤክስትሪሙን ነው። ያ ቁጥር ግን እንቅልፍ የሚያስተኛ ሙቀት አይደለም፤ ሕይወት እንዳታልፍ ያህል ነው። መታየት ያለበት ኮምፎርቱ ነው፤ ተመችቶህ የምትተኛበት ሙቀት እሱ ነው። የአክስቴ ልጅ የላከልኝ ላባ ያለው ነበር፤ ቀላል፣ ሲጠቀለል ጭብጥ የምታክል። ላባ ከራሰ ግን ይጣበቃል፣ ሙቀትም የለው። ሐዋሳ ላይ በትክክል አጥቦ የሚያደርቅልኝ ሰው አላገኘሁም። በመጨረሻ ለአንድ ጓደኛዬ ሰጥቼ ሰው ሠራሽ ሙሌት ያለው ገዛሁ። ይከብዳል፤ ግን ሳፋ ውስጥ በእጄ አጥበዋለሁ። ቤት ውስጥ ጠቅጥቄ አላስቀምጠውም። እዚህ የሐይቁ እርጥበት አለ፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ተዘርግቶ ይሰቀላል።

በአየር የሚነፋው ፍራሽ ደግሞ ወደ ጎሚስታ ወሰደኝ። ልጁ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳውን ወዲያው አገኘልኝ። ግን የጎማ ሙጫው ፍራሹ ላይ አልያዘም፣ ሌላ ዓይነት ሙጫ ይፈልጋል። «ወንድሜ፣ ይሄ ጎማ አይደለም» አለኝና ብር አልቀበልም አለ። አሁን የምተኛው ውሃ የማይጠጣ ወፍራም ፎም ላይ ነው። ይተልቃል፣ ያምራል አልልም። ቢበሳም ግን ያው ፎም ነው። ብርዱ የሚመጣው ከላይ ብቻ አይደለም፤ መሬቱ ከሥር ሙቀት ይመጥጣል። ስለዚህ ጥሩ ከረጢት ገዝቶ ፍራሽ ላይ መቆጠብ አይገባም።

ባሌ ላይ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚጫነው በፈረስ ነው። ገመዱ ቦርሳውን ይፈትጋል፣ ዚፑን ይገነጥላል። ፈረስ ጫኞቹ ሲያስሩ ጠበቅ አድርገው ነው፣ እነሱ ትክክል ናቸው። እኔ ቦርሳዬን በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ እከተዋለሁ። ውስጡ ደግሞ ወፍራም ላስቲክ አለ፣ ልብሱ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ማንገቻ ከተበጠሰ የባጃጅ ሸራ ወደሚሰፉ ልጆች ነው የምሄደው። ማሽናቸው ወፍራም ነገር ይበሳል፣ ክራቸውም ናይሎን ነው። ዚፕ ሲለቅ መጀመሪያ አይቀየርም፤ ተንሸራታቿን በፒንሳ ጠበቅ ማድረግ፣ ጥርሱን ሻማ ማሸት። ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ምድጃ ላይ አጭር ልበል። ትንንሽ የጋዝ ቆርቆሮ በአውሮፕላን አይመጣም፣ እዚህም እንደልብ አይገኝም። ንጹሕ ቡቴን ደግሞ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ያቆማል። በፓምፕ የሚሠራ የላምባ ምድጃ ይጨሳል፣ ይሸታል፣ ግን ላምባ አለ። ትርፍ ጎሚኒና የቀዳዳ መጥረጊያ መርፌ ይዤ እሄዳለሁ። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ምስር ቀቅላለሁ ብሎ ላምባ መጨረስ ነው ትርፉ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ከዶዶላ ወይም ከአዳባ ደግሞ ጭኮ። ጭኮ ካለ ማን ምድጃ ይለኩሳል?

የውሃ ማጣሪያ ያላችሁ ሌሊት ከረጢታችሁ ውስጥ ይዛችሁት ተኙ። ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ ቀጫጭን ቱቦዎቹ ይሰነጠቃሉ፣ ከውጭ ግን አይታወቅም። የእጅ ባትሪውንም አብራችሁ ክተቱ፤ ብርድ ኃይሉን ይበላዋል።

የባሌ ተራሮች ፓርክ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ ከዚህ ከሐዋሳ ምን ዕቃ እንግዛ ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች በዝተዋል። ሁሉንም ግዙ አልላቸውም። መጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎ ጃኬት፤ ድንኳንና ከረጢት መዋስ ወይም መከራየት ይቻላል።

የራሱ ድንኳን ያለው ግን ከጉዞ እንደተመለሰ ማድረቅ አለበት። እርጥብ ተጠቅልሎ ከከረመ ይሻግታል፣ የውስጥ ቅቡም ይጣበቃል። እኔ ግቢ ውስጥ ተክዬ ነበር የማደርቀው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ፊታቸውን አጥቁረው ገቡ። «ማን ሞተ ልጄ? ምነው ሳትነግሩን?» ድንኳን አይተው ነው ለካ። ሻይ ጠጥተው፣ ሰድበውኝ ሄዱ። አሁን የማሰጣው ገመድ ላይ ነው።