ከ20 ወደ 22.5 ጎማ ስትቀይሩ ስኮርታውን (መጠባበቂያ ጎማውን) አትሰርዙ

የጭነት መኪናዎቻችን ከአዳማ ጅቡቲ ነው የሚሠሩት። ሲገዙ ባለካላማዳሪ 12.00 አር 20 ጎማ ነበራቸው። ካላማዳሪና ፍላፕ (በካላማዳሪውና በቸርኬው መሃል የሚገባ ላስቲክ) መግዛት ስለሰለቸኝ ካላማዳሪ ወደማይፈልገው ቱብለስ፣ 315/80 አር 22.5፣ ለመቀየር ወሰንኩ። ፕሮፎርማ ሰበሰብኩ፣ ጎማው ጎን ላይ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት አየሁ፣ ከፈልኩ። ቸርኬውም አብሮ ይቀየራል። የ20 ኢንች ቸርኬ የ22.5 ኢንች ጎማ አይቀበልም። ሻጮች ግን የጎማውን ዋጋ ብቻ ነው የሚነግሯችሁ።

ነገር የተበላሸው ስኮርታው ላይ ነው። አሥር እግር ላለው መኪና አሥራ አንድ ጎማ፣ አሥራ አንድ ቸርኬ ብዬ ጻፍኩ። ሸሪኬ አሥራ አንደኛውን፣ ስኮርታውን፣ ሰረዘው። “አሮጌው ስኮርታ ምን ሆነና? ብሎኑ ይገጥም የለ!” አለኝ። ብሎኑማ ይገጥማል። ባይገጥም ኖሮ ሹፌሩ መች ያስረው ነበር? ሻጩም ከጎናችን ቆሞ “አንድ ናቸው” ብሎ አጨበጨበለት።

አንድ አይደሉም። 12.00 አር 20 ከዳር እስከ ዳር 112 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ 315/80ው ግን 107 ተኩል ግድም። መንታ ሆነው ሲታሰሩ ትልቁ ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል፣ ትንሹ አስፋልቱን በቅጡ አይረግጥም።

መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞ ከአዋሽ እንዳለፈ አንድ የኋላ ጎማ ተበሳ። ሹፌሩ ያለውን ስኮርታ አሰረ፤ ምን ያድርግ? በዚያ የአፋር ሙቀት ገዋኔ ሳይደርስ ፈነዳ። ፓራፋንጎውን ገነጠለው፣ የንፋስ ቱቦም በጠሰ። ጎማና ቸርኬ ከአዳማ በሌላ መኪና ላክን። የቆመበት ቀን ኪሳራ ሲደመርበት ከተሰረዘችው ስኮርታ ዋጋ በለጠ። ሸሪኬ እስከ ዛሬ “የሹፌሩ ጥፋት ነው” ይላል። ያናድደኛል!

የ12.00ን ቁመት የሚጠጋው 13 አር 22.5 ነው፤ ከተገኘ እሱን ጠይቁ። እሱንም ቢሆን ከአሮጌው ጋር መንታ አታድርጉት። ቆላ ስትገቡ ደግሞ ሹፌር ንፋስ እንዳያስተነፍስ ተቆጣጠሩ። ንፋስ የጎደለው ጎማ ይብስ ይግላል። ልኩም የሚታየው ጎማው ቀዝቅዞ እያለ ነው።

ሻጮች ሁሉንም መኪና ቀይሩ ይላሉ። እኔ ጠጠር የሚያመላልሰውን ሲኖ በ20 ትቼዋለሁ። ካላማዳሪ ከሆነ የትም ያለ ጎሚስታ ለጥፎ ይሸኛችኋል። ቱብለስ ከቸርኬው ከለቀቀ ግን ጉልበት ያለው ኮምፕሬሰር ይፈልጋል፤ ድንጋይ ማውጫው አካባቢ ደግሞ እሱ የለም።