ተያዥ አምጣ

ሳሎኔ ውስጥ አንድ በርጩማ አለ። እዚሁ ጅማ የተሰራ፣ ባለ ሶስት እግር፣ ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ። የሰራው የሰፈራችን ልጅ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጻፍ፣ ስሜን ግን ተወው ብሎኛል።

ልጁ ታስሮ ነበር። አንድ የሰርግ ማታ ዱላ ተማዘው ሰው ጎድቶ 6 ዓመት ተፈረደበት። አጥፍቷል፣ እሱም አልካደም። የተጎዳው ሰውዬ እስከ ዛሬ ቀኝ እጁ በደንብ አይታዘዝለትም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው፣ ምክንያቱም ስለ ታራሚ ሲወራ የተበደለው ሰው ቶሎ ይረሳል።

ከመታሰሩ በፊት ቡና ጫኝና አውራጅ ነበር። ትምህርቱን ከ4ኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። እስር ቤት ክፍል የገባውም ተምሬ ሰው እሆናለሁ ብሎ አይደለም። «ቀኑ አልመሽ ሲለኝ ነው» ይላል። አስተማሪው ራሱ ታራሚ ነው፣ ውጪ እያለ መምህር የነበረ። እስር ቤት ውስጥ የተለመደ ነገር ነው፤ የሚያውቀው የማያውቀውን ያስተምራል። ልጁ እዚያው 8ኛ ክፍል ደረሰ። ከሰዓት ከሰዓት ደግሞ እንጨት ስራ ይማር ነበር።

እናቱን እትዬ ነው የምላቸው፣ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤት ነን። ስንቅ ሲወስዱ አንዳንዴ አጅባቸው ነበር። በር ላይ ያመጣኸውን ምግብ ራስህ ትቀምሳለህ፣ ደንቡ ነው። አንድ ቀን ከሽሮው ጋር የ7ኛ ክፍል የሂሳብ መጽሐፍ ይዘው መጡ፣ ልጁ ልኮባቸው። ፖሊሱ መጽሐፉን ቅጠል በቅጠል እየገለጠ ይፈትሻል፣ ሰልፉ ከኋላችን ረዝሟል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እትዬ ማንኪያቸውን እንደያዙ ጥቂት ታገሱና «ይሄንንም ልቅመስላችሁ እንዴ ልጄ?» አሉት። ፖሊሱ ሳቀ፣ አሳለፈን።

በርጩማውን ያመጣልኝ ቀን ወለሌ ላይ አስቀምጦ ነቀነቀው። ወለሌ ሲሚንቶው ተቦርቡሮ ጎርበጥባጣ ነው፣ ባለ አራት እግር ወንበሮቼ ሁሉ ይንገጫገጫሉ። ይሄኛው ንቅንቅ የለም። «ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም ነበር። ሶስት ነጥብ ምንጊዜም አንድ ጠለል ላይ ያርፋል፣ አራተኛው ነጥብ ነው የሚያስቸግረው። ይህን የተማረው እስር ቤት፣ ሂሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ዲግሪ አለኝ፤ ጅማ ተወልጄ ስኖር ስንትና ስንት በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ፤ አንድም ቀን ግን ለምን ሶስት እግር ሆነ ብዬ አልጠየቅኩም።

እስር ቤቱ ድሮ ከርቸሌ ይባል ነበር፣ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው። ወህኒም ይባላል። አሁን ማረሚያ ቤት ነው። በኦሮምኛም ያው ነው፤ ሰዉ በልማድ መነ ሂዳ ይላል፣ ማሰሪያ ቤት ማለት ነው፣ ታፔላው ላይ ግን መነ ሲሬሳ ነው የሚለው፣ የማቅኛ ቤት። ስሙን መቀየር ቀላል ነው ብላችሁ ልታሾፉ ትችላላችሁ፣ እኔም አሾፍ ነበር። ህጉ ግን ከስሙ ጋር ነው። በ1996 የወጣው የወንጀል ህግ ገና ከመጀመሪያው አንቀጽ ስለ መቅጣት ብቻ ሳይሆን ስለ ማረምም ያወራል። አመክሮም ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ጸባዩን ያሳመረ ታራሚ ሁለት ሶስተኛውን ከጨረሰ ሊፈታ ይችላል። ልጁ በ4 ዓመቱ የወጣው በዚህ ነው።

የተባበሩት መንግስታት የእስረኞች አያያዝ ደንብም አለ። በ2015 በፈረንጅ አቆጣጠር ተሻሽሎ በማንዴላ ስም ተሰየመ። (ማንዴላ በ1954 በኛ አቆጣጠር ኮልፌ ወታደራዊ ስልጠና የወሰደ፣ ለኛ እንግዳ ያልሆነ ሰው ነው። የታሰረበትን ሮበን ደሴት እስረኞቹ እርስ በርስ እየተማማሩ ዩኒቨርሲቲ ይሉት ነበር።) ደንቡ ማንበብና መጻፍ ለማይችል እስረኛና ለወጣት እስረኛ ትምህርት ግዴታ ይሁን ይላል። አክሎም የእስር ቤቱ ትምህርት በተቻለ መጠን ከአገሩ የትምህርት ስርዓት ጋር ይያያዝ ይላል፣ ሲወጡ እንዲቀጥሉ። ብራዚል ደግሞ የባሰች ናት፤ አንድ መጽሐፍ አንብቦ ስለሱ ለጻፈ እስረኛ ከፍርዱ 4 ቀን ትቀንሳለች፣ በዓመት እስከ 12 መጽሐፍ። እኛ ጋ ቢጀመር አንዳንዱ ከአንባቢነቱ ብዛት ሳይታሰር የሚፈታ ይመስለኛል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ።

ራንድ የሚባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ2013 በፈረንጅ አቆጣጠር ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ መርምሮ ነበር። እስር ቤት ውስጥ የተማሩት፣ ካልተማሩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ተመልሰው የመግባት እድላቸው በ43 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ትልቅ ቁጥር ነው፣ ሁሉም የሚጠቅሰው ይህን ነው። ስራ የማግኘት እድላቸው ግን የበለጠው በ13 በመቶ ብቻ ነው። ይህችኛዋን ብዙ ሰው አይጠቅሳትም። የአሜሪካ ቁጥር ነው፣ እኛ ጋ እንዳለ አይገለበጥም፣ ግን ሳነበው የመጣብኝ የሰፈራችን ልጅ ነው። ትምህርቱ ሰውየውን ቀይሮታል። በሩን ግን አልከፈተለትም።

እንደወጣ አንድ የእንጨት ስራ ቤት ሄደ። ባለቤቱ እንጨት ሰጥቶ ሞከረው፣ ስራውን ወደደለት፣ ሰኞ ግባ ሊለው ምንም አልቀረውም። ከዚያ ሁለት ነገር ጠየቀው። ተያዥ አምጣ። አሻራ ሰጥተህ ከወንጀል ነጻ ወረቀት አውጣ። በቃ። ልጁ ምን ይበል? ነጻ እንዳልሆነ ያውቃል።

ህጉ መፍትሄ አለው፣ ግን ረጅም ነው። መሰየም ይባላል። ቅጣቱን የጨረሰ ሰው ጊዜ ጠብቆ፣ ጸባዩ ተመስክሮለት፣ ፍርድ ቤት ሄዶ መዝገቤ ይፋቅልኝ ማለት ይችላል። ጽኑ እስራት ለነበረበት ቢያንስ 5 ዓመት መጠበቅ ነው። ከተፋቀ በኋላ በክፋት የድሮውን እያነሳ የሚዘልፈው ሰው ራሱ በስም ማጥፋት ሊጠየቅ ይችላል። ደስ የሚል ህግ ነው። ግን አስቡት፤ ስራ በጣም የሚያስፈልገው በወጣ በመጀመሪያው ዓመት ነው፣ እናቱ ቤት ተቀምጦ፣ የድሮ ጓደኞቹ በየማታው እየጠሩት። 5 ዓመት ምን በልቶ ይጠብቃል? እኔ ብሆን ከአንድ ክፍል ትምህርት ይልቅ አንድ የወርክሾፕ ባለቤት ከበሩ ላይ ቆሞ እንዲጠብቀው አደርግ ነበር። ሙያውን የሚያስተምሩት ሰዎችና የሚቀጥሩት ሰዎች ልጁ ሳይወጣ በፊት መተዋወቅ አለባቸው። የማረሚያ ቤቱ ስራ በሩ ላይ ያልቃል፣ የቀጣሪው ስራ ወርክሾፑ ላይ ይጀምራል፣ መሃል ያለው መንገድ ደግሞ የማንም አይደለም።

ይህን ሁሉ የምለው ሰውዬ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ልጁ ቤቴ መጥቶ ተያዥ ሁነኝ አለኝ። የመንግስት ሰራተኛ ነኝ፣ ደመወዜ ትንሽ ቢሆንም ቋሚ ነው። «ወሩ ይለፍና» አልኩት። ወሩ አለፈ። «ቢሮ ውስጥ ችግር አለ፣ ትንሽ ጠብቀኝ» አልኩት። ቢሮ ውስጥ ምንም ችግር አልነበረም። አብሬው ያደግኩት ልጅ ነው፣ ስንቁን ተሸክሜ የሄድኩለት ልጅ ነው፣ ግን መፈረም ሲመጣ እጄ ከበደኝ። እሱም ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

በርጩማውን ያመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስንት ልክፈል ስለው «ጎረቤትህ አይደለሁ እንዴ» ብሎ ሄደ። ሳምንት ሙሉ አልተቀመጥኩበትም።

ባለፈው ሐሙስ የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ ላወጣ ሄድኩ። የሰው ሃይሏ ልጅ ለማን ነው ስትለኝ ለወንድሜ አልኳት። ከዚያ ልጁን ይዤ ወርክሾፑ ሄድን። ባለቤቱ ደብዳቤውን አነበበ፣ ማህተሙን በአውራ ጣቱ ዳሰስ አደረገ፣ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

«ጥሩ» አለ። «አሻራውስ?»