ስም የወጣለት ወጠጤ

በድሬዳዋ ፈረንሳይኛ የሚናገር ሽማግሌ ማግኘት ብርቅ አልነበረም፤ የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከተማዋ ከተቆረቆረችበት ስፍራ ከደረሰ ጀምሮ ምድር ባቡር ለሠራተኞቹ ከደመወዛቸው ጋር ቋንቋውንም ሲያድል ኖሯልና። ስፓኒሽ ግን ወደ እኛ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። እኔ የተማርኩት በ1970ዎቹ ከብዙ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ጋር ወደ ኩባ ተልኬ፣ «ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ» ወይም የወጣቶች ደሴት በሚባለው ስፍራ ግማሹን ቀን በክፍል፣ ግማሹን ቀን በግሬፕፍሩት እርሻ ላይ እያሳለፍኩ ነበር። ከተመለስኩ በኋላ ከቋንቋው ጋር ግንኙነት በሌለው ሙያ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ግን አንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት ከጎረቤቶቹ የተለየ ነገር ለማቅረብ ፈልጎ፣ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆችን በሳምንት ሁለት ቀን ስፓኒሽ እንዳስተምር ጠየቀኝ፤ እኔም ሳላቅማማ ተቀበልኩ።

ለመጀመሪያው ወር የመረጥኩት ርእስ የቤት እንስሳት ነበር። ልጆች እንስሳ ይወዳሉ፣ ቃላቱም አጫጭር ናቸው፤ ደግሞም «ቴንጎ» (አለኝ) እና «ሴ ያማ» (ይባላል) የሚሉትን ሁለት ግሦች ይዞ ብዙ ዓረፍተ ነገር መሥራት ይቻላል። የውሻ፣ የድመት፣ የጥንቸል፣ የዓሣ፣ የኤሊ፣ የቢጫ ወፍና የሃምስተር ሥዕል ያለባቸውን ካርዶች አሳትሜ ክፍል ገባሁ። ሃምስተርን በሕይወቱ ያየ ልጅ አንድም አልነበረም፤ በመጀመሪያው ቀን «አይጥ ናት» ብለው ተስማሙ፤ እኔም ክርክሩን በዚያው ተውኩት።

የድምፁ ትምህርት ከጠበቅሁት በላይ ቀላል ሆነ። በስፓኒሽ «ፔሮ» በላላ ድምፅ «ነገር ግን» ማለት ሲሆን፣ በሚንቀጠቀጥ ረዥም «ር» ሲነገር ውሻ ማለት ነው፤ ይህን ልዩነት ለመያዝ ብዙ ትልልቅ ሰዎች ሲቸገሩ አይቻለሁ። እነዚህ ልጆች ግን «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ነገር፣ ሲጠብቅ ደግሞ የልደት በዓል መሆኑን ማንም ሳያስተምራቸው ስለሚያውቁ፣ ምሳሌውን እንደሰጠኋቸው ወዲያው ገባቸው። ጥንቸልን «ኮኔኾ» ለማለት የሚያስፈልገውንም ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ቁርአን የሚቀሩት ልጆች አስቀድመው ስላወቁት፣ ለጓደኞቻቸው እነርሱ አስተማሩልኝ። በአንድ ነገር ብቻ ተከስሼ ነበር። ትንሽ ድመትን እኔ በኩባ ልማድ «ጋቲኮ» ስል፣ አንድ አባት ከልጁ ጋር በስልኩ ባየው ቪዲዮ «ጋቲቶ» መባሉን ሰምቶ ስህተት እያስተማርኩ መስሎት መጣ። ሁለቱም ትክክል እንደሆኑ፣ ኩባውያን ግን በ«ት» በሚያልቅ ቃል ላይ «ኢኮ» መጨመር እንደሚቀናቸው አስረዳሁት፤ ሙሉ በሙሉ ያመነኝ አይመስለኝም።

ችግሩ የጀመረው «ማስኮታ» ከሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል ለወዳጅነት ብቻ የሚያዝ እንስሳን ሲያመለክት፣ ላምና ዶሮ በስፓኒሽ «አኒማል ዶሜስቲኮ» በሚለው ሰፊ ስም ሥር ይጠቃለላሉ። እኛ «የቤት እንስሳ» ስንል ግን ሁለቱንም በአንድ ላይ እንጠራለን። ስለዚህ «ማስኮታ አለህ?» ብዬ ስጠይቅ፣ አንዱ አህያ፣ ሌላው የአያቱን ግመሎች፣ ሦስተኛዋ አሥራ ሁለት ዶሮዎች ቆጠረችልኝ፤ ውሻ ያለው ልጅ ደግሞ «የእኛ ውሻ እቤት አይገባም፣ በር ላይ ነው» ብሎ የቤት እንስሳ መሆኑን ራሱ ካደ። በመጀመሪያው ቀን «እነዚህ ማስኮታ አይደሉም» ብዬ ወደ ካርዶቹ ብመልሳቸው ግማሹ ክፍል ዝም አለብኝ። ዝምታው አስደነገጠኝና በማግስቱ ክፍለ ጊዜ በራሴ ሥልጣን ደንቡን ሰረዝኩ፤ በግቢያቸው ያለ እንስሳ ሁሉ ማስኮታ ሆነ። አሁን ሳስበው ትክክለኛው መፍትሔ ይህ አልነበረም።

ደንቡ በተሰረዘ ቀን አንዲት ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። ወደ ቤቷ የወሰደችውን የዓሣ ካርድ ፍየል እንደበላባት ነገረችን። የድሬዳዋ ፍየል ካርቶን መብላቱ አዲስ ነገር ስላልሆነ ማንም አልተደነቀም፤ እኔ ግን አጋጣሚውን ለትምህርት ተጠቀምኩበት። ፍየል «ካብራ» እንደሚባል ስነግራት «ወንድ ነው» አለችኝ፤ «ጋታ» ሴት ድመት፣ «ጋቶ» ወንድ ድመት መሆኑን ስለተማረችም፣ በራሷ ብልኃት «ካብሮ» አለችው። ወንዱ «ቺቦ» እንደሚባል አርሜ፣ «ኮሞ ሴ ያማ?» (ስሙ ማን ይባላል?) ብዬ ጠየቅኋት። ዝም አለች። እንደገና ጠየቅኋት፤ ክፍሉም በኅብረት «ኮሞ ሴ ያማ?» እያለ ተቀበለኝ። ልጅቷ ወዲያና ወዲህ ካየች በኋላ፣ ስኳርን እቤታቸው በሚጠሩበት ስም፣ «ሱካር» አለች። እኔም ደስ ብሎኝ የስፓኒሹ «አሱካር» ከዐረብኛ የመጣ ቃል መሆኑንና የፍየሏ ስም ስፔን ድረስ መዝለቁን ነገርኳቸው። «ቴንጎ ኡን ቺቦ። ሚ ቺቦ ሴ ያማ ሱካር» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለአንድ ሳምንት የክፍሉ መዝሙር ሆነ።

በዚያው ሳምንት ሌላ ትምህርት ሰጠሁ፤ ዛሬም ቢሆን ትምህርቱ በራሱ መልካም ነበር እላለሁ። ስፓኒሽ በውኃ ውስጥ የሚዋኘውን ዓሣ «ፔስ»፣ ተይዞ ለምግብ የቀረበውን ደግሞ «ፔስካዶ» ይለዋል። በመስታወት ገንዳ ያለ ዓሣና በሳህን ላይ የተጠበሰ ዓሣ ሥዕል ለጥፌ ልጆቹ እየሮጡ ቃሉን እንዲነኩ አደረግሁ። በድሬዳዋ የግንቦት ሙቀት ማሯሯጤ ትንሽ ጭካኔ ቢሆንም፣ ያን ያህል የሳቁበት ቀን አልነበረም።

በዚያ ዓመት አረፋ ዓርብ ግንቦት 29 ቀን ዋለ። ማክሰኞ ሰኔ 3 ቀን ክፍል ስገባ፣ እንደ ልማዴ ክለሳውን «ቲዬኔስ ኡና ማስኮታ?» በሚለው ጥያቄ ጀመርኩ። ተራው ሲደርሳት ልጅቷ በስፓኒሽ አልመለሰችም፤ «ሚስ፣ ዓሣ ሲበላ ስሙ ይቀየር የለ? ሱካርስ አሁን ስሙ ማነው?» ብላ በአማርኛ ጠየቀችኝ።

ያን ጊዜ ማድረግ የነበረብኝ ጥያቄው የሰዋስው አለመሆኑን መረዳት ነበር። እኔ ግን አስተማሪ ነኝና፣ ጥሩ ጥያቄ የተጠየቀ አስተማሪ በሚሰማው ደስታ፣ ስፓኒሽ ለፍየል እንደ ዓሣው የተለየ የምግብ ስም እንደሌለው፣ «ካርኔ ዴ ቺቦ» ማለትም የፍየል ሥጋ እንደሚባል አስረዳሁ። ልጅቷ በታዛዥነት «ሚ ካርኔ ዴ ቺቦ ሴ ያማ ሱካር» አለች። ሌሎች በጋቸውንና ፍየላቸውን ያረዱ ልጆችም እየተከተሉ ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር ሠሩ፤ በግሥም በአገባብም የተሳሳተ አልነበረም። ያላለቀሰም ያልሳቀም ክፍል ነበር፤ ያ ዝምታ ነው እስካሁን ከጆሮዬ ያልጠፋው።

በማግስቱ አባቷ መጣ። የድሬ ሰው እንደመሆኑ በዕድሜ እናቱን ብሆንም «አንቺ» ነው ያለኝ፤ ይህ በከተማችን ንቀት ሳይሆን ቅርበት መሆኑን ከሌላ አገር ለመጡ አንባቢዎች መናገር ይኖርብኛል። ልጅቷ ከአረፋ ጀምሮ ሥጋ እንዳልቀመሰች፣ ድርሻቸውን ሊወስዱ ለመጡ ዘመዶችም «ሱካርን ነው የምትወስዱት?» እያለች እንደጠየቀች ነገረኝ። የኡዱሒያ (ለአረፋ የሚታረደው መሥዋዕት) ሥጋ ለቤተሰብ፣ ለዘመድና ለችግረኛ የሚከፋፈል በመሆኑ፣ ነገሩ በአንድ ቤት ውስጥ ብቻ ታፍኖ የሚቀር አልነበረም። ቁጣ አልነበረበትም። «እናቴ፣ እኛ እኮ ስም አላወጣንለትም ነበር» አለኝ። «ሆን ብለን ነው። ለአረፋ የተገዛ ፍየል ስም አይወጣለትም። ያወጣሽለት አንቺ ነሽ።»

መልስ አልነበረኝም። ገበሬው ለሚያርስበት በሬና ለምትታለብ ላሙ ስም ያወጣል፤ አብረውት ብዙ ዓመት ይኖራሉና። ለበዓል ከገበያ የተነዳ ወጠጤ ግን በግቢው ውስጥ ሣርና ካርቶን እየበላ፣ ለቀናት ብቻ «ፍየሉ» ተብሎ ይኖራል። እኔ አንድ ግሥ ለማለማመድ ብዬ፣ ልጅቷ መልስ እስክትሰጥ ሁለት ጊዜ ጠይቄ፣ ክፍሉን ሁሉ አስተባብሬ ያንን ስም አስወጣኋት። ኋላ ላይ እንዳነበብኩት፣ በስፔን በእ.ኤ.አ. 2023 የወጣው 7/2023 የተባለው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ለምርት የሚረባ እንስሳ የወዳጅነት እንስሳ ሊሆን የሚችለው የምርት ዓላማው ሲቀርና ባለቤቱ በመዝገብ ላይ እንዲሰፍር ሲወስን ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። እዚያ ባለቤቱ መወሰን ነበረበት። እኔ ባለቤቱን ሳልጠይቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር መዝግቤው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ርእሱን አልተውኩትም፤ የአገባቡን ቅደም ተከተል ግን ቀየርኩ። አሁን የምጀምረው «ኬ አኒማል አይ ኤን ቱ ካሳ?» (እቤትህ ምን እንስሳ አለ?) በሚል ጥያቄ ነው፤ «አይ» የሚለው ግሥ መኖሩን ብቻ እንጂ የማን መሆኑን አይናገርም። ከዚያ ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚያድርና ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ እናወራለን፤ አውራ ዶሮ በእኛ «ኩኩሉ»፣ በስፓኒሽ «ኪኪሪኪ» ሲል ልጆቹ ግማሹን ክፍለ ጊዜ ይጨርሱታል። «ሴ ያማ» የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ እርሱንም ስም ይዞ ለመጣ ልጅ እንጂ ስም ለሌለው አላቀርብም። «ፔስ» እና «ፔስካዶ»ን ደግሞ ወደ ምግብ ርእስ አዛውሬያቸዋለሁ።

ልጅቷ ትምህርቷን ቀጠለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተራዋ ሲደርስ «ኤን ሚ ካሳ አይ ኡን ጋቶ» አለች፤ እቤታችን ድመት አለ ማለቷ ነው። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ እንደ ድሮው ልማዱ «ኮሞ ሴ ያማ?» ሲል አፈጠጠባት። ልጅቷ ወደ እኔ አየችና፣ ከዚያ ወደ እርሱ ዞራ፣ እኔ ያላስተማርኳትን ዓረፍተ ነገር ረጋ ብላ ተናገረች፦ «ኖ ሴ ያማ።» አይባልም። ወደሚቀጥለው ልጅ አለፍን።