ፋይን ዱቄት

የወንድሜ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት። ትናንት ማታ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ደሴን ሲያንቀጠቅጥ፣ ደብተሯን ይዛ መጣች።

«አክስቴ፣ በእንግሊዝኛ ፋይን (fine) ደህና ማለት አይደል? ታዲያ ዱቄት እንዴት ደህና ይሆናል?»

ጓዳ ወሰድኳት። በአንድ እጇ ቅንጬ፣ በሌላው የጤፍ ዱቄት አስዳሰስኳት። ፋይን ይሄ የላመው ነው አልኳት። የነጠላችን ቀጭን ፈትልም ፋይን ነው። ብራ ቀንም እንደዚያው።

«የገንዘብ ቅጣትም ፋይን ይባላል፤ እሱስ?»

እዚህ ላይ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ለካ ሁለቱም ፋይኖች መነሻቸው የላቲኑ ፊኒስ ነው፤ ትርጉሙ መጨረሻ። ቅጣቱ ጉዳይ የሚቋጭበት ክፍያ ነበር። ጥሩው ፋይን ደግሞ እስከ ጫፍ ተሠርቶ ያለቀለት ነገር ነው። «ያለቀለት» የምንለው እኛም አይደለን? እንዴት ደስ እንዳለኝ!

እሷ ዱቄት በነካ ጣቷ ደብተሯ ላይ «የላመ» ብላ ጻፈች።