ወለምታ የሚመስለው ጠፍጣፋ እግር

ዕድሜ ከ40 ካለፈ በኋላ የአንድ እግር መርገጫ ብቻ ቀስ እያለ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ውስጠኛው ቁርጭምጭሚትም ካበጠ፣ «ወለም ብሎኝ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ቁልቁለት ወይም በአንኮበር ዳገት ለሚመላለስ ሰው ጉዳዩ የእለት እንጀራ ነው። ወጌሻ ጋ ሄዶ ጠንክሮ መታሸት የተጎዳውን ጅማት የባሰ ያስቆጣዋል።

የሚጎዳው ከባት ተነሥቶ ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ኋላ ዞሮ የሚያልፈው፣ የውስጥ እግርን ቅስት ደግፎ የሚይዘው ጅማት ነው። ሴቶችን፣ ክብደት የጨመሩትን፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸውን ይበልጥ ያጠቃል።

ግድግዳ ነካ አድርጋችሁ በታመመው እግር ብቻ ቁሙና ተረከዛችሁን አንሡ። ደህና ጅማት ተረከዙን ወደ ውስጥ እየሳበ ያነሣዋል። ካልተነሣ፣ ወይም ወደ ውጭ እንዳጋደለ ከቀረ፣ ጅማቱ ሥራውን እየተወ ነው።

እግሩ በእጅ ሲያዝ ወደ ቅርጹ የሚመለስ ከሆነ ያለ ቀዶ ሕክምና ብዙ ይቻላል። ሕመሙ ትኩስ ሲሆን ከ6 እስከ 8 ሳምንት በጄሶ ወይም በድጋፍ ጫማ ማሳረፍ ይቀድማል፤ ሳያርፍ ስፖርት የጀመረ ጅማት ሊቀደድ ይችላል። ስቴሮይድ መርፌ ጅማቱ ውስጥ አታስወጉ፤ ሕመሙን ቢያስታግስም ጅማቱን ያላላል።

ጫማ ስትገዙ በሁለት እጅ ጠምዝዙት፤ እንደ ጨርቅ ከዞረ ተዉት። ተረከዝ ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ ይሁን፣ ውስጡም ቅስቱን የሚያነሣ ጠንከር ያለ ሶል ይግባበት። ለስላሳ ስፖንጅ ይመቻል እንጂ አይደግፍም። ነጠላ ጫማ ለቤት ውስጥም ቢሆን አይመከርም።

ካረፈ በኋላ ባትን ማሳሳብ ይጀመራል፦ ጉልበት ቀጥ፣ ተረከዝ መሬት፣ 30 ሰከንድ፣ 3 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ጫማ ከነሶሉ አድርጋችሁ፣ ጣቶቻችሁን ትንሽ ወደ ውስጥ መልሳችሁ ሥሩት። ባዶ እግር ከሆነ የሚለጠጠው ባት ሳይሆን የላላው ቅስት ነው። ጅማቱን ለማጠንከር የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ ይበቃል፦ አንዱን ጫፍ ከእግራችሁ በስተውጭ ካለ የጠረጴዛ እግር ጋር እሰሩ፣ ሌላውን የፊት እግራችሁ ላይ አጥልቁ፣ ተቀምጣችሁ ወደ ውስጥ ሳቡ። ስትመልሱት ቀስ በሉ፤ 15 ጊዜ፣ በ3 ዙር።

በወራት ካልተሻለ ወይም እግሩ ደርቆ በእጅ ወደ ቅርጹ የማይመለስ ከሆነ የአጥንት ሐኪም ይየው። በቀዶ ሕክምና፣ ወደ ቅርጹ ለሚመለስ እግር የጣት ጅማት ተዛውሮ የተረከዝ አጥንት ወደ ውስጥ ይገፋል፤ የደረቀው መገጣጠሚያው ይያያዛል።

ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሳያመው ካበጠ፣ ከጋለና ከቀላ ግን ይህን ሁሉ አይሞክር። ሳይረግጥበት በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ።